ኮምፒዩተሩ አደገ፣ ፎቶው ታመመ
(ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ለውጥ በኋላ በፎቶ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ ስለሚያጋጥሙ ችግሮች)

ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ላይ ሁለት ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር ካወሩ ከመካከላቸው አንዱ "አዲስ ዊንዶውስ ካስጫንኩበት ጀምሮ ፎቶሾፑ አብዷል" ማለቱ አይቀርም። አንዱ አማርኛው ሳጥን በሳጥን ሆኖበታል፣ ሌላው "ዲስክ ሞልቷል" እየተባለ አልከፍት ብሎታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ስክሪን ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ይጠቁርበታል። የብዙዎቻችን መፍትሔ አንድ ነው፦ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን። ካልሆነም ፎርማት ማድረግ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደጀን ላይ የገጠመኝ ነገር ግን "ቆይ እስኪ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን ልወቅ" እንድል አደረገኝ። በዚህ ጽሑፍ የገጠመኝን፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን በየተራ አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

አጎቴ ደጀን ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አላቸው። ደጀንን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትጓዙ ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ስትጨርሱ የምትቀበላችሁ ከተማ ናት። ከበረሃው ሙቀት ወጥቶ የደጋውን ነፋስ የሚያገኘው መንገደኛ እዚያ ቆም ብሎ ሻይ ይጠጣል፤ አንዳንዱም ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ይነሳል። እኔ በእረፍት ጊዜዬ የምውለው እዚያ ፎቶ ቤት ነው። ፎቶሾፕን የተማርኩትም ከኮሌጅ በፊት ከአጎቴ ነው።

የፎቶ ቤቱ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 7 ላይ ነበር የሚሠራው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 14 ቀን 2020 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ አይሰጠውም። ክሮም ብሮውዘርም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ለዊንዶውስ 7 አዲስ ቨርዥን ማውጣት አቁሟል። በዚያ ላይ ደንበኛው ሁሉ ፎቶውን በፍላሽ ይዞ ስለሚመጣ ቫይረሱ ለጉድ ነው። ስለዚህ "ጋሼ፣ ወደ ዊንዶውስ 10 ላሳድግልዎት" አልኳቸው። ወደ 11 እንዳልወስደው ማሽኑ አሮጌ ነው፣ መስፈርቱን አያሟላም።

"የሚሠራ ነገር ምን አድርጎሽ ነው የምትነካኪው?" አሉኝ። "ጥር ነው እኮ፣ ሥራ አለብን።"

"ችግር የለውም፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው" አልኩ። ዓርብ ማታ ጀመርኩት። ደግነቱ መብራት አልጠፋም፣ ሌሊት ላይ ተጠናቀቀ። ፋይሎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ፎቶሾፕ ሲኤስ 6ም አለ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት እናት መጡ። የባለቤታቸው ሙት ዓመት እሑድ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የነበራቸው ፎቶ አንድ አሮጌ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ አጎቴ ያንን በስካነር አንስተው፣ ጭረቱን አጥፍተው፣ ከሥሩ ስማቸውንና የተወለዱበትንና ያረፉበትን ቀን ጽፈው ለቀብሩ ሠርተውላቸው ነበር። ዋናው ጉርድ ፎቶ ከዚያ በኋላ ጠፍቷል። አሁን የሚፈለገው ያው ምስል በትልቁ ሆኖ "የሙት ዓመት መታሰቢያ" የሚል መስመር እንዲጨመርበት ነው። "እሑድ ጠዋት ይደርስልኛል ወይ ልጄ?" አሉኝ። "ይደርሳል እማማ፣ አያስቡ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ሦስት ችግሮች በአንድ ቀን ተከታትለው መጡ።

አንደኛው ችግር፦ "ዲስኩ ሞልቷል"

ፎቶሾፑን ስከፍተው "ስክራች ዲስክ ስለሞላ መጀመር አልተቻለም" የሚል መልእክት ሰጥቶኝ ተዘጋ። ስክራች ዲስክ ማለት ፎቶሾፕ ሜሞሪው (ራሙ) ሲጠበው እንደ ጊዜያዊ ጠረጴዛ የሚጠቀምበት የሃርድ ዲስክ ክፍል ነው። በራሱ ፈቃድ የሚመርጠው ሲስተሙ ያለበትን ድራይቭ፣ ማለትም ሲ ድራይቭን ነው።

ታዲያ ትላንት ቦታ የነበረው ሲ ድራይቭ ዛሬ እንዴት ሞላ? ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ዊንዶውስ ወደ አዲስ ቨርዥን ሲያድግ አሮጌውን አይጥለውም። "ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ" በሚባል ፎልደር ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል፤ ተጠቃሚው ሐሳቡን ቢቀይር ወደ ነበረበት እንዲመለስ ነው። ይህ ፎልደር ብዙ ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል። ዊንዶውስ 10 ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል፤ ቀድሞ ማጥፋት የሚፈልግም በ"ዲስክ ክሊንአፕ" በኩል ማጥፋት ይችላል።

እኔም ላጠፋው ነበር። እጄ ማውሱ ላይ ነው። አጎቴ ከጀርባዬ ቆመው "ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ። "የአሮጌው ዊንዶውስ ቆሻሻ ነው ጋሼ።" "ውስጡን አይተሽዋል?" "አላየሁም።" "እንግዲያው ሳታይ አትጣይ።" ተውኩት። እውነቱን ለመናገር በውስጤ እየተነጫነጭኩ ነው የተውኩት።

ሌላ መንገድ ነበረ። የፎቶሾፑን ምልክት ጠቅ አድርጋችሁ ሲከፈት ኮንትሮልና አልት የሚባሉትን ቁልፎች ተጭናችሁ ብትይዙ ስክራች ዲስኩን የምትመርጡበት ትንሽ መስኮት ይመጣል። እዚያ ላይ ከሲ ወደ ዲ ድራይቭ ቀየርኩት። ተከፈተ።

ሁለተኛው ችግር፦ ስሙ ጠፋ

የሟቹን ፋይል ከፈትኩ። ምስሉም ስሙም እንደነበሩ ናቸው። የጽሑፉ ሌየር ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለች፣ አላስተዋልኳትም። አዲሱን መስመር ለመጨመር ጽሑፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግሁ። "ፎንቱ የለም፣ በሌላ ልተካው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ሳላነብ እሺ አልኩት። በዚያች ቅጽበት የሰውዬው ስም በሙሉ ወደ ሳጥን ተለወጠ። ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ሳጥን ብቻ። ከልምድ የተነሳ ደግሞ እጄ ኮንትሮል ኤስን ተጫነ። በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግሁት ማለት ነው። ሌላ ኮፒ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩን በደንብ መረዳት ያለብን፤ አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ይህ ክፍል ነውና።

ፎቶሾፕ አንድን ጽሑፍ በሁለት መልኩ ያስቀምጠዋል። አንደኛው ፊደሎቹ እነማን እንደሆኑና በየትኛው ፎንት እንደተጻፉ የሚናገረው መረጃ ነው። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ የታየበት ሥዕል ነው። ፎንቱ ከኮምፒዩተሩ ላይ ቢጠፋም፣ ጽሑፉን እስካልነካችሁት ድረስ የድሮውን ሥዕል ማሳየቱን ይቀጥላል። ሲነካ ግን እንደገና ለመሣል ፎንቱን ይፈልጋል። ሲያጣው በሌላ ይተካዋል። የተተካው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ ቢጫዋን ሦስት ማዕዘን ስታዩ መጀመሪያ ጽሑፉን ሳትነኩ ምስሉን በሌላ ስም በጄፔግ ሴቭ አድርጉ። ቢያንስ የነበረው መልክ በእጃችሁ ይቀራል።

ለምን ጠፋ? ፋይሉ የተጻፈው "ኒያላ" በሚባለው ፎንት ነበር። ኒያላ በስሙ የደጋ አጋዘንን የሚያስታውስ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረ የግዕዝ ፎንት ነው። ዊንዶውስ 7ም ነበረው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የብዙ ቋንቋዎች ፎንቶች ከመደበኛው ጭነት ወጥተው "እንደ ፍላጎት የሚጨመሩ" ተብለዋል፤ ኒያላም ከእነሱ አንዱ ነው። በዊንዶውስ 10 ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኘው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት "ኤብሪማ" ነው። ስለዚህ ከ7 ወደ 10 ያደገ ኮምፒዩተር ኒያላን ሊያጣ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ስለተበላሸ ሳይሆን አሠራሩ ስለሆነ ነው።

ኢንተርኔት ካላችሁ መመለሱ ቀላል ነው። "ሴቲንግስ" ውስጥ "አፕስ"፣ ከዚያ "ኦፕሽናል ፊቸርስ"፣ ከዚያ "አድ ኤ ፊቸር" ብላችሁ "ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ" የሚለውን ትጭናላችሁ። በዚያ ቅዳሜ ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰዓቱም እየመሸ ነው። በኤብሪማ ልቀይረው ስሞክር ፊደሎቹ ተመልሰው መጡ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፦ ስሙ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የሚለብሰው ልብስ ነው። ሳጥኑ ሥር መረጃው እንዳለ ነው። ሆኖም የኤብሪማ ቅርጽ ቀጥ ያለና ወፍራም ስለሆነ አጎቴ ለመታሰቢያ የመረጡትን መልክ አይሰጥም፤ ለቀብሩ ከተሠራውም ጋር አይመሳሰልም።

በዚህ ጊዜ ነው ያ "ቆሻሻ" ያልኩት ፎልደር ትዝ ያለኝ። ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድን ከፈትኩ፣ በውስጡ "ዊንዶውስ"፣ በእሱ ውስጥ "ፎንትስ"። የአሮጌው ሲስተም ፎንቶች በሙሉ ተደርድረዋል። ኒያላም አለ! በቀኝ ጠቅ አድርጌ "ኢንስቶል" አልኩት፣ ፎቶሾፑን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ጽሑፉን ወደ ኒያላ መለስኩት። ስሙ እንደነበረ ሆኖ መጣ። ጠዋት ላይ እጄን ባይዙኝ ኖሮ ፎንቱን በገዛ እጄ አጥፍቼው ነበር።

የአማርኛው ችግር ሁለት ዓይነት ነው

ይህ ነጥብ ለብቻው መብራራት አለበት፤ ምክንያቱም መፍትሔው ይለያያል።

ከላይ ያየነው የዩኒኮድ ጽሑፍ ነው። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደሎች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ሲሆን፣ ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። ለመጀመሪያው የግዕዝ ሰንጠረዥ የተከለለው 384 ቦታ ነው። "ለ" የራሷ ቁጥር ስላላት ፎንቱ ቢቀየርም "ለ" ነች። ሳጥን ካያችሁ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው፤ ሌላ የግዕዝ ፎንት ብትሰጡት ይነበባል።

ሁለተኛው ዓይነት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፈው ነው። በእነዚያ ዘመን ፎንት ሠሪዎች የእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ይተክሉ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ ለእኛ የሚታየን ግን አማርኛ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ሳጥን ሳይሆን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ክምር ይመጣል። በዚህ ላይ ኤብሪማም ሆነ ኒያላ አይረዱም። ያንኑ የድሮ ፎንት ፈልጎ መጫን፣ አለዚያም ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው። የአሥራ አምስትና የሃያ ዓመት የመጽሔት ፋይል ያለው ሰው ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ባጭሩ፦ ሳጥን ካያችሁ ፎንት አምጡ። የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ካያችሁ ያንኑ ፎንት አምጡ።

ሦስተኛው ችግር፦ የጠቆረው ፊት

ማታ 2 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ናሙና አተምኩ። ስክሪኑ ላይ ጠይም ያለው ፊት ወረቀቱ ላይ ጠቁሮ ወደ ቀይ አደላ። እንግዲህ ሲስተሙ ሲቀየር የፕሪንተሩም ሾፌር (ድራይቨር) ሊቀየር ይችላል። ዊንዶውስ ፕሪንተሩን አውቆ የራሱን መደበኛ ድራይቨር ሲሰጠው ፕሪንተሩ ያትማል፤ ነገር ግን የወረቀት ዓይነት ምርጫና የቀለም ፕሮፋይል ላይኖረው ይችላል። የቀድሞው የማስተካከያ ምርጫም ወደ መነሻው ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስሕተት ቀለሙን ሁለት ጌቶች ማስተዳደራቸው ነው። ፎቶሾፕ ቀለሙን ለፕሪንተሩ እንዲስማማ ያርመዋል፤ ፕሪንተሩ ደግሞ ያልታረመ መስሎት እንደገና ያርመዋል። ሁለት ጊዜ የታረመ ቀለም የተበላሸ ቀለም ነው። መፍትሔው አንዱን መምረጥ ነው። በፎቶሾፕ የኅትመት መስኮት ላይ "ፎቶሾፕ ማኔጅስ ከለርስ" ካላችሁ በፕሪንተሩ ምርጫ ውስጥ የቀለም ማስተካከያውን አጥፉት። "ፕሪንተር ማኔጅስ ከለርስ" ካላችሁ ደግሞ ለፕሪንተሩ ተዉለት። የፕሪንተሩን ድራይቨር ከአጎቴ አሮጌ ሲዲ ላይ ጫንኩ፣ የወረቀቱን ዓይነት መረጥኩ፣ አንዱን ማረሚያ አጠፋሁ። ሦስተኛው ናሙና ላይ ፊቱ ተመለሰ።

ሌሎች የታወቁ ችግሮች

እኔ ባይገጥሙኝም በሌሎች ላይ የሚታወቁትን በአጭሩ ልጥቀስ።

1. ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ብሩሹ ይጎተታል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነው። "ዲቫይስ ማኔጀር" ውስጥ ገብታችሁ "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ካያችሁ ትክክለኛው ድራይቨር የለም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ፎቶሾፕ "ፕሪፈረንስ" ውስጥ "ፐርፎርማንስ" ላይ "ዩዝ ግራፊክስ ፕሮሰሰር" የሚለውን አጥፉ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ነው።

2. "ራም አይበቃም" ይላል፣ ራሙ ግን በቂ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በኋላ በድሮዎቹ ፎቶሾፖች ላይ የታየ ነው። "ፐርፎርማንስ"ን ስትከፍቱ "ከ96 እስከ 8 ያለ ቁጥር ያስፈልጋል" የሚል አስቂኝ መልእክት ይመጣል። 96 ከ8 እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሶፍትዌሩ ግን የራሙን መጠን አሳስቶ ቆጥሯል። በ"ሬጂስትሪ" ውስጥ፣ በፎቶሾፑ ቁጥር ሥር (ለሲኤስ 6 ቁጥሩ 60.0 ነው)፣ "ኦቨርራይድ ፊዚካል ሜሞሪ ኤምቢ" የሚል ባለ 32 ቢት "ዲወርድ" በአንድነት ተጽፎ ተፈጥሮ ትክክለኛው የራም መጠን በሜጋባይት ይሞላለታል፤ ለ4 ጊጋባይት 4096፣ ለ8 ደግሞ 8192 በዴሲማል። ሬጂስትሪን የማያውቅ ሰው ብቻውን ባይነካው ይሻላል።

3. ጽሑፉና ሜኑው ጉንዳን ያክላል። ድሮ የተሠራ ፎቶሾፕ በአዲስ ጥራት ባለው ስክሪን ላይ ሲከፈት ነው። በፎቶሾፑ ምልክት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ "ፕሮፐርቲስ"፣ "ኮምፓቲቢሊቲ"፣ ከዚያ የዲፒአይ ምርጫውን ወደ "ሲስተም ኢንሃንስድ" መቀየር ነው።

4. ምክንያቱ ያልታወቀ ጭንቅላት የሚያዞር ነገር ሁሉ። ፎቶሾፑ ሲከፈት ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ይዛችሁ የምርጫ ፋይሉን አጥፉት። ይህ የራሳችሁን ማስተካከያ ስለሚያጠፋ "አክሽን" ካላችሁ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ። አጥፍቶ ከመጫን በፊት ይህን መሞከር ብዙ ድካም ያድናል።

ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ኮፒ የምንሠራ ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው "ዲፌንደር" አንዳንድ ፋይሎችን ቫይረስ ብሎ ሊያነሳ እንደሚችል እንወቅ። ለመማሪያ "ጊምፕ" የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ የፎቶሾፕ ፋይልንም ይከፍታል።

ከማሳደግ በፊት

እኔ ያጠፋሁት ጥፋት ሦስት ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ሥራ በሚበዛበት ሳምንት ማሽን ነካሁ። ፎንቶቹን ሳልገለብጥ ጀመርኩ። በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግሁ። ስለዚህ ለጓደኞቼ የምመክረው ይህን ነው፦

ሀ) የፎንትስ ፎልደሩን፣ የፕሪንተሩን ድራይቨርና አስፈላጊ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ገልብጡ።
ለ) ለደንበኛ ወይም ለኅትመት ያለቀ ሥራ ሁሉ በፒኤስዲ ብቻ ሳይሆን በጄፔግም ይቀመጥ።
ሐ) ካሳደጋችሁ በኋላ አሮጌው ሲስተም ያለበትን ፎልደር ወዲያው አታጥፉ፤ 10 ቀን አላችሁ። ዊንዶውስ ራሱ ከማጥፋቱ በፊትም የሚያስፈልጋችሁን አውጡ።
መ) ችግር ሲመጣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የቀየራችሁትንም ጻፉት። አምስት ነገር ባንድ ጊዜ ከተቀየረ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅም።

የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አዲስ አይደለም። ምንጭን ሳናይ አንጥልም፣ ሳናረጋግጥ አንጽፍም እንላለን። ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ግን ይህን እንረሳዋለን። መልእክት ሲመጣ ሳናነብ "እሺ" እንላለን። የሰው ስም በጋዜጣ ላይ ተሳስቶ ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚያዝን መምህራኖቻችን ሲነግሩን እሰማ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ዊንዶውስ 10ም በበኩሉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ስለዚህ ብዙዎቻችን አንድ ቀን እንደገና ማሳደጋችን አይቀርም።

እሑድ በጠዋቱ እናትየዋ መጡ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ማንበብ አይችሉም፤ አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው በጣቱ እየተከተለ ስሙን ፊደል በፊደል አነበበላቸው። "አዎ፣ እሱ ነው" አሉ። ከዚያ አጎቴን መርቀው ሄዱ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩና "ያን ቆሻሻሽን አሁን መጣል ትችያለሽ" አሉኝ።

አልጣልኩትም። ፎንቶቹን በሙሉ መጀመሪያ በሲዲ ገለበጥኳቸው። ቸር እንሰንብት።